ድንቡሼ ፊደልና የጋሽ ገብሬ ሰሌዳ

ነሐሴ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዳቦ ይመስላል? የኔ ፊደል ዳቦ ይመስላል? ይምሰላ! ዳቦ ምን በወጣው! ዳቦ የሚጠላ ሰው የት አገር አለ? አንቺስ ብትሆኚ ከዳቦና ከምስማር የቱን ታነሻለሽ?

እንዲህ ብዬ ነበር መመለስ የነበረብኝ። መሰላል ላይ ሁኜ፣ ቡሩሽ በጥርሴ ነክሼ፣ ምን ልበል? ጸሐይነሽ ከታች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ፣ "ኧግ! አበረ፣ ይሄ ሁሉ ዳቦ ማን ሊበላው ነው?" ብላ ጠጅ ሊጠጣ የመጣውን ሁሉ አሳቀችብኝ። መልሱ አሁን መጣልኝ፣ ማታ። የኔ መልስ ሁልጊዜ ማታ ነው የሚመጣ።

ለማንኛውም የአባቷ የጋሽ ገብረማርያም ጠጅ ቤት ታፔላ ዛሬ አለቀ። ከጎንደር መንገድ ይታያል፣ ከደብረ ታቦር መንገድ ይታያል። ወረታ መገናኛው ላይ ቆሞ ያላየው ዕውር ብቻ ነው።

ፊደሉን ድንቡሼ ብዬዋለሁ። የፈጠርኩት እኔ፣ ስም ያወጣሁለትም እኔ። ጎንደር ቢፈለግ የለም። ማዕዘን የለውም፤ ቢነኩት አይወጋም። "ማ" ሁለት ጉንጭ ነው፣ በአረቄ መለኪያ አፍ ነው የማዞረው። "ብ" አጭር ወፍራም እግር አለው፣ ገና መሄድ የጀመረ ሕፃን። "ጠ"ን ሌላ ሰው ሲጽፈው መንሽ ይመስላል፤ እኔ ስጽፈው የላም ጡት ነው። ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ከላም ነዋ! የፎገራ ላም ሣር ጠግባ ስትመጣ ሆዷን አይተው አያውቁም? አጥንት የሚባል አይታይ። ፊደልም እንዲያ ጠግቦ መታየት አለበት። የተራበ ፊደል የተለጠፈበት ቤት ማን ገብቶ ይጠጣል?

ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ጠጪው ሁሉ ተሻምቶ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጣሪያው ስር ሦስታችን ብቻ ቀረን፦ እኔ፣ ጋሽ ገብሬ፣ ጸሐይነሽ። ጋሽ ገብሬ ታፔላውን አንጋጠው አዩና ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "አበረ፣ እኔን ነው የጻፍከኝ" አሉ። "ይኸውልህ ሆዴ፣ ይኸውልህ ጉንጬ! ስሞትም በዚሁ ጻፈኝ። በዚያ በየኔታ ካሴ ቀጭን ፊደል ብትጽፉኝ እግዜር 'ይሄ ከሲታ ደግሞ ማን ነው?' ብሎ ከደጅ ይመልሰኛል።"

ጸሐይነሽ ብርሌ እየቀዳችላቸው ነበር። "አባባ ተው! ሞት አይጠራም!" ብላ እትፍ እትፍ አለች። እሳቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።


ነሐሴ 9

ዝናብ። ቀለሙ አልደርቅ ብሎ ስሳደብ ዋልኩ። የጋሽ አህመዲን ሱቅ ታፔላ "ሁሉ ይገኛል" ነው የሚል። "ሁሉ" የምትለዋን ብቻ ጨረስኩ። ጋሽ አህመዲን ባለሱቅ ናቸው፣ ሰው ያውቃሉ። "ልጅ አበረ፣ ሰዉ ይችን አይቶ ፈገግ ብሎ ይገባል። ፈገግ ብሎ የገባ ሰው አይከራከርም" አሉኝ። ይህን ደብተርም እሳቸው ናቸው የሰጡኝ፣ ፊደል እንድነድፍበት።

ከሰዓት ጸሐይነሽ ታፔላቸው ስር ቆማ ጣቷን አየር ላይ ስታንቀሳቅስ አገኘኋት።

"ዝንብ ነው የምታባርሪ?"

"ባለ ሁለት ጉንጯ ምን ትባላለች?"

"ማ።"

"ጡት ያላትስ?"

"ጠ።"

ለካ ፊደል አታውቅም! አባቷ ሴት ልጅ የኔታ ዘንድ አትላክም ተብለው ትተውት ነበር። ቁጭ ብላ "ገብረማርያም ጠጅ ቤት" የሚለውን አንድ በአንድ ለቀመችው፤ የቀሩትንም ፊደሎች በድንቡሼ ነድፌ ከዚህ ደብተር ጥቂት ቅጠል ሰጠኋት። ከዚያ የኔታ ካሴ የጻፉትን የደብሩን ማስታወቂያ ባሳያት፣ "ይሄማ ሁሉም ጉንዳን ነው" አለች። እኔ ያስተማርኳት ገባት፣ የኔታ የጻፉት አልገባትም! ይኼ የኔ ብልጫ ካልሆነ ምንድን ነው?

ዳቦ ስላለችው ግን ይቅርታ አልጠየቀችም።


ነሐሴ 15

ጠጅ ቤቱ ዝግ ነው። ጋሽ ገብሬን ንዳድ ይዟቸዋል አሉ። ነገ ይነሣሉ። እሳቸውን የሚያህል ሰው በንዳድ ይወድቃል? ወሬኛ አገር!


ነሐሴ 18

ጋሽ ገብሬ ሞቱ።

ቡሩሽ አልያዝኩም ዛሬ። እማየ "ዓይንህ ምን ሁኗል?" አለችኝ። አኳራጅ ነው አልኳት፣ ያ ቀለም ማቅጠኛው። ሲተን ዓይን ይጎዳል።


ነሐሴ 27

የጋሽ ገብሬ ወንድም የርብን ወንዝ በታንኳ ተሻግሮ መጣ። ፊት ለፊት "አቶ ደረሰ" እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን ደረሰ ነው፣ አንተ ነው። ከብታም ነው። ወንድሙ ጠጅ ቤት ከፈተ ብሎ ደጁን ረግጦ አያውቅም ነበር፤ አሁን የጠጅ ቤቱን ቁልፍ ወገቡ ላይ አሥሮ ይንጎማለላል።

ርብ ሞልቶ የማዶ ዘመድ መሻገር ስላልቻለ ትልቁ ለቅሶ ለአርባው ተቀጥሯል። ደረሰ አስጠራኝና የዋንዛ ሰሌዳ ሰጠኝ። "የወንድሜን ስም ጻፍበት። መቃብሩ ራስጌ የሚቆም ነው። ደህና አድርገህ።"

ይኸው ነው ያለኝ። ደህና አድርገህ። በምን ዓይነት ፊደል አላለም። ደህና? ከአበረ በላይ ደህና የሚጽፍ ከዚህ እስከ አንበሳሜ ካለ ይምጣና ልየው!


ጳጉሜን 4

ሰሌዳውን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት፣ እንደ ሐር ሁኗል። በከሰል ነደፍኩ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ በቀጭኑ ሞክሬ ነበር። ማንም እንዳይሰማ። "ገ" ቆመ፣ "ብ" ቆመ፣ "ረ" ቆመ፣ ዘበኛ መሰሉ። የማላውቀው ሰው ስም ሆነ። ጋሽ ገብሬን ፈልጌ ፈልጌ አጣኋቸው። በእጄ ደመሰስኩት። በድንቡሼ ስጀምር ከከሰሉ ውስጥ እየሳቁ መጡ።

የኔታ ካሴ በደጅ ሲያልፉ አዩኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዳዊት ሳልደግም የሸሸሁትም ከእሳቸው ነው። በመቋሚያቸው ጠቆሙት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጋሽ ገብሬ የመቃብር ሰሌዳ ነው የኔታ።"

"ፊደል አጥንት አለው አበረ። አንተ ሥጋ ብቻ አደረግኸው።"

"ጋሽ ገብሬም ሥጋቸው ብዙ ነበር የኔታ።"

"ነበር አልክ።" መቋሚያቸውን ተደገፉ። "ታፔላ ሰው ይጠራል። መቃብር ማንን ይጠራል? ለሠርግና ለመግነዝ አንድ ልብስ ይሆናል?"

"ሁለቱም ያው ነጭ ሸማ አይደል?"

በመቋሚያው ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ። አልመቱኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሸማ ሸማ ነው። ፊደልም ፊደል ነው። አለቀ!


መስከረም 22 ቀን 1958

የማይረባ አገር! የማይረባ ሰው! ዛሬ አልጽፍም። ነገ።


መስከረም 23

እሺ። ልጻፈው፣ አለዚያ ያፍነኛል።

ትናንት፣ አርባው። ዳሱ ጢም ብሏል። ውኃው ጎደል ስላለ የማዶው ሰው በታንኳም በዋናም መጥቷል። የኔ ሰሌዳ መሃል ላይ በነጠላ ተሸፍኖ ቆሟል፣ ከጎኑ የጋሽ ገብሬ ባርኔጣና ጠመንጃ። አልቃሿ እትዬ ታይቱ ከአንበሳሜ ተጠርተው መጥተዋል፤ ድንጋይ ያስለቅሳሉ የሚባሉት ናቸው። አስለቀሱም። ሰዉ ደረቱን ይደቃል፣ ጸሐይነሽን ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ ደረሰ ነጠላውን ገፈፈው።

እትዬ ታይቱ ፊደል አያውቁም። ግን ዓይን አላቸው። ሰሌዳውን አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሙሾውን አወጡት፦

ሆዱን ይዞ ሄደ ገብሬ ሞተ ቢሉኝ፣
ሆዱን እዚህ ትቶ ስሙ ላይ አየሁኝ።

አንድ ሳቅ ወጣ። መጀመሪያ አንድ ብቻ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጸሐይነሽ! የሟች ልጅ! እንባው በጉንጯ እየወረደ፣ ሰሌዳውን እያየች፣ ሳቀች። ከዚያ ዳሱ ሁሉ። ደረት ሲደቃ የነበረው ባላገር ሁሉ ሆዱን ይዞ። ከዚያ አፈሩ። በለቅሶ ላይ መሳቅ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ትዝ አላቸውና የሚያፍሩበት ሰው ፈለጉ። እኔን አገኙ።

"በወንድሜ ለቅሶ ሳቅ!" አለ ደረሰ። "በዚህ ጻፍ ብሎ ማን አዘዘህ?"

"ራሳቸው ናቸው ያዘዙኝ። ስሞት በዚሁ ጻፈኝ ብለውኛል!"

"የሰማ አለ?"

"ጸሐይነሽ ሰምታለች!"

ሰዉ ሁሉ ዞረ። "ሰምተሻል?" አላት አጎቷ።

ነጠላዋን ወደ አፏ ጎተተች። መሬት መሬት አየች። አንድ ቃል ወጣት? አልወጣትም።

"በሙት ላይ ቀጣፊ!" አለኝ ደረሰ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

እኔ ብዙ ነገር ነኝ፣ ቀጣፊ ግን አይደለሁም። አጋንናለሁ። ማጋነንና መቅጠፍ ለየቅል ነው፣ ሰው የሚባል ያውቃል።

ሌላ ስለሌለ ሰሌዳውን መቃብሩ ላይ አቆሙት። እስከ ሰማንያው ተፍቆ በቀጭን ካልተጻፈ ደረሰ በመጥረቢያ ፈልጦ ሊያነደው ምሏል። እኔንም ከዚያ ወዲያ ወረታ ላይ ቡሩሽ የሚያስይዘኝ እንዳይኖር ለሰው ሁሉ ሊናገር። ይናገር! እሱ ስለ ፊደል ምን ያውቃል? የሚያውቀው የበሬ ቀንድ!

ግን እሷ ለምን ሳቀች? እሺ ሳቀች። ለምን ዝም አለች?


መስከረም 29

ጋሽ አህመዲን ሱቃቸው ደጅ ጠብቀው ያዙኝ።

"አበረ ልጄ፣ ታፔላዬን ቀይርልኝ።"

"ምን ሁኖ?"

"ሰው አይቶት ፈገግ ይል ነበር። አሁን አይቶት 'ነፍስ ይማር' ብሎ ያልፋል።"

"ያው ፊደል እኮ ነው ጋሽ አህመዲን!"

"ያው ነው። ያው መሆኑ ነው ችግሩ።"

ሚስታቸው መዲና ከውስጥ፣ "እኔስ ወድጄው ነበር፤ ስኳር ስኳር ይለኛል" አለች። እሷ ትሻላለች። ቢሆንም ቀየርኩላቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ አጥር እንጨት። "ሁሉ ይገኛል" ይላል፤ ሲያዩት ግን ምንም የሚገኝበት አይመስል።


ጥቅምት 3

ያየህ የሚባለው የከሚዮን ሾፌር መኪናው ግንባር ላይ የጻፍኩለትን "አይዞህ" በላምባ አጥቦ አገኘሁት። "በሬሳ ፊደል መንገድ አልወጣም" አለኝ።

የሬሳ ፊደል! እኔ የሠራሁት ለጠጅ ነው፣ ለሻይ ነው፣ ለስኳር ነው፣ ለመንገደኛ ነው! ሰው ደክሞት ሲመጣ ከሩቅ "ና፣ እዚህ ደስታ አለ" እንዲለው ነው የሠራሁት! ለሬሳ መቼ ሠራሁት? አንድ ቀን መቃብር ላይ ብትወጣ ምን አለበት?

የጠጅ ቤቱን ታፔላም ደረሰ አውርዶታል። በጎን አልፌ አየሁት፣ ጓሮ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስደግፈውታል። እንደ ተቀጣ ሰው።


ጥቅምት 9

ደብሩ ሄድኩ። ልሳለም አይደለም፣ ማንንም ለማየት አይደለም። ቀለሙን ዝናብ መትቶት እንደሆነ ለማየት ነው።

ጸሐይነሽ እዚያ ናት። ወይራው ኋላ ቆምኩ፣ ፊቷን ማየት አልፈልግም። ሰሌዳው ፊት ተንበርክካ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ ቀስ እያደረገች ትወስዳለች። "ገ"ን ዞረች፣ "ብ"ን ዞረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ልትሞክር ነው! የኔ ቀለም ይለቃል? እሷም ደግሞ ከአጎቷ ጋር ልትከስ ማስረጃ ፈልጋ! "ማ" ላይ ስትደርስ ግንባሯን አስደገፈችበት። ብዙ ቆየች። በግንባር ቀለም የሚፈተን መቼ አይቼ አውቃለሁ።

ሳታየኝ ወጣሁ። አልለቀቀም ግን ቀለሙ። ከሩቅ ያበራል።


ጥቅምት 15

ከእማየ ጋር ተጣላሁ። በጸሐይነሽ ምክንያት።

"አንድ ቃል ብትናገር ምን ትሆናለች? ሰምቻለሁ ብትል ምላሷ ይነቀላል?" አልኩ።

እማየ ጥጥ እየባዘተች ቀና ሳትል፣ "ሰማሁ ብትል ምን ይሏታል?" አለች። "አባቷ ሞትን ሲጠራ ቆማ የሰማች። ሟርቱን ሰምታ ጠጅ የቀዳች። ገና ባል ያላገባች ልጅ ይሄን ተሸክማ የት ትደርሳለች?"

"እትፍ እትፍ ብላለች እኮ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!"

"እትፍታው አልሠራማ ልጄ።"

ከዚያ ደግሞ እንዲያው እንደ ቀላል ነገር፣ "ደግሞ ያጎቷን ፊት አትፈራም? ውኃው ሲጎድልለት ጠጅ ቤቱን ዘግቶ ማዶ ሊወስዳት ነው" አለች።

"ማዶ?"

"ማዶ።"

ስለ ማዶ ማን ጠየቃት! እኔን የሚያሳስበኝ ፊደሌ ነው። ትሂድ ካለች ትሂድ።

ርብ ድረስ ሄጄ አየሁት። ጎድሏል። ጉልበት ድረስ ነው።


ጥቅምት 20

ሽማግሌ ጠራሁ። አዎ፣ እኔው ራሴ! ፈሪ መስሎኛል ደረሰ። ሾላው ስር ተቀመጡ፣ የኔታ ካሴ፣ ጋሽ አህመዲን፣ አንድ የማዶ ሽማግሌ። ተናገርኩ። ደህና አድርጌ ተናገርኩ፣ ምናልባት ድምፄ በዛ። ጋሽ አህመዲን ሁለት ጊዜ "ቀስ በል ልጄ" ብለውኛል።

የኔታ አሰቡና፣ "እኔ ይሄን ፊደል አልወደውም" አሉ። "የኔ መውደድ ግን አይጠየቅም። የሟች ቃል አይፈርስም፤ ገብረማርያም ብሎት ከሆነ ይቆማል። ለነፍስ አባቱ ሲናዘዝ ግን አላነሣውም። በአንተ አፍ ብቻ ደግሞ አይቆምም። ሌላ የሰማ ጆሮ ይምጣ። ለሳምንቱ ቅዳሜ ተመልሰን እንቀመጣለን።"

ደረሰ ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ አልጮኸም። መሬቱን በዘንግ እየጫረ፣ "የሰማ ካለ እኔም አፌን እዘጋለሁ" አለ። "ግን ስሙኝ። ወንድሜ ከልጅነቱ ሲሳቅበት ነው የኖረ። ሜዳ ላይ ከብት ስንጠብቅ 'ገብሬ ሆዴ' እያሉ ሲያስለቅሱት እኔ ነበርኩ የምማታለት። ጠጅ ቤት ከፍቶ ሰካራም ሲስቅበት ማየት አቅቶኝ ነው እግሬን ያነሣሁ። ሞቶ እንኳ ይረፍ!"

ከሾላው ስር ተነሥቼ ሄድኩ።

ጋሽ ገብሬ ግን አብረው ነበር የሚስቁ። ከሁሉም በላይ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ። ነበሩ አይደል? ያን ቀን ጣሪያው ስር ሲስቁ እኔ ዓይናቸውን አላየሁም፣ ታፔላዬን ነበር የማይ።

የለም። ብለውኛል። "ጻፈኝ" ብለውኛል። የሚቀልድ ሰው እውነት አይናገርም ያለ ማን ነው?


ጥቅምት 24

እሷን ለማነጋገር ሦስት ጊዜ በቤታቸው አለፍኩ። ደረሰ ደጁ ላይ ተቀምጦ መጫኛ ይገምዳል። "ምን ትፈልጋለህ?" "ምንም።" ምንም! እኔ አበረ፣ "ምንም" ብዬ አለፍኩ! ደሜ ፈላ።

ከውስጥ ዕቃ ሲጫጫን ይሰማል። ብርሌ በጭድ እየጠቀለሉ ነው።


ጥቅምት 26

መልሴ ዘግይቶ ነው የሚመጣ ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳስር መጣ።

ቀለም አልነበረም የምትሞክር። ታነብ ነበር!

ሞኝ! እኔ ሞኝ! ጣቷን በ"ገ" ላይ፣ በ"ብ" ላይ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ያን ቀን ዝንብ ነው የምታባርሪ ያልኳት ጊዜም እንዲሁ ነበር። ጸሐይነሽ የምታውቀው ፊደል እኮ የኔን ብቻ ነው! የየኔታ ጉንዳን ነው የሚሆንባት። በቀጭኑ ቢጻፍ እንደ ማንኛውም መሃይም ፊቱ ቆማ ትመለሳለች፣ የአባቷን ስም የጠራቢ ጭረት መስሏት።

ጠጅ ቤቱ ታፔላ ወርዷል። የአህመዲን ተቀይሯል። ከሚዮኑ ታጥቧል። ወረታ ላይ የቀረች ድንቡሼ ያቺ የመቃብሯ ብቻ ናት። እሷንም ነገ ሊፈርዱባት ነው፣ አንዲት ልጅ አፏን ስላልከፈተች! ያናድዳል! ግን ማን እንደሚያናድደኝ እንጃ፣ ዛሬ ተምታታብኝ።

መዲና ለጸሐይነሽ ስንቅ የሚሆን ቅመም ልታደርስ ትሄዳለች። ሴት ስለሆነች ደረሰ አይከለክላትም። ከዚህ ደብተር ቀድጄ እልካለሁ፣ በድንቡሼ ጽፌ፣ ሌላ አታነብማ። ድንቡሼ ቦታ ይበላል፤ አምስት ቅጠል ጨረስኩ፣ እያንዳንዱን "ማ" በመለኪያው አፍ አዙሬ። እንዳይጠፋብኝ እዚህም ልገልብጠው፦

ጸሐይነሽ።

አባትሽ ያሉትን ሰምተሻል። እኔም ሰምቻለሁ።

እትፍ ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ሟርት ነው ለሚል ሁሉ ይህንንም እመሰክራለሁ።

አጎትሽ ፋቀው ስላለኝ አልፍቅም። አንቺ ፋቀው ካልሽኝ ግን በገዛ እጄ እፍቀዋለሁ፣ ቃል አይወጣኝም።

በቀጭኑ ከተጻፈ ግን አባትሽን ማን ያነብልሻል?

ሽማግሌዎቹ ነገ የሰማ ጆሮ ይጠብቃሉ። ልተወው ወይስ ልፋቀው? ማዶ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?

መዲና ደጅ ቆማለች። አሁኑኑ መልሺልኝ!